ረዳት የመራቢያ ዕጢዎች፦ የዘር ፈሳሽ ከምን ይሠራል? ምንስ ይሠራል?

የአንድ ጤነኛ ወንድ የዘር ፈሳሽ ቢለካ፣ ከ100 እጅ 5 እጁ እንኳ የዘር ህዋስ አይሆንም። የቀረው በሙሉ ማለት ይቻላል ከዘር ፍሬዎቹ የመጣ አይደለም። በሆድ ዕቃ ግርጌ፣ በሽንት ቧንቧ ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥቂት ዕጢዎች አመንጭተው የጨመሩት ፈሳሽ ነው። እነዚህን ዕጢዎች የሥነ ሕይወት ትምህርት ረዳት የመራቢያ ዕጢዎች ይላቸዋል። የመማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ «የዘር ህዋስ የሚዋኝበትን ፈሳሽ ያመርታሉ» ብለው ያልፏቸዋል። አባባሉ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ከታሪኩ ሲሶውን እንኳ አይነግርም። ይህ ፈሳሽ ይመግባል፣ ይረጋል፣ ይሟሟል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሴቷ አካል ላይ ይሠራል። በአንዳንድ እንስሳት ያለ እርሱ የሴቷ እንቁላል ከነጭራሹ አይለቀቅም።

ምራቅ አመንጪ ዕጢዎች፣ ጉበትና ቆሽትም የምግብ መፍጨት ሥርዓት ረዳት ዕጢዎች እንደሚባሉ ይታወቃል። እዚህ ግን የምናወራው ስለ መራቢያዎቹ ብቻ ነው።

ዕጢዎቹን በቅርብ ለማወቅ ከኮርማ የተሻለ እንስሳ የለም። የእንስሳት ሐኪም ረጅም ጓንት አጥልቆ እጁን በኮርማው ፊንጢጣ በኩል ሲያስገባ፣ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ እየዳሰሰ ከሥሩ ያሉትን አካላት አንድ በአንድ ሊለያቸው ይችላል። መጀመሪያ እጁ ላይ የሚመጣው በዳሌ አጥንት ላይ የተጋደመው፣ በጡንቻ የተሸፈነው የሽንት ቧንቧ ነው፤ ሲነካ ይርገበገባል። ወደ ፊት ሲቀጥል ጣቱን የሚያደናቅፍ ቀለበት መሰል ጠንካራ ነገር ያገኛል፤ ይህ የፕሮስቴት ዕጢ ነው። ከእርሱ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ተዘርግተው የሚገኙት ሁለቱ የዘር ከረጢት ዕጢዎች ናቸው። በጤናቸው ጊዜ የተጎረባበጡና ሲጫኗቸው የሚለምጡ ናቸው። በሁለቱ መካከል የዘር ማስተላለፊያ ቱቦዎች ጫፍ ወፈር ብሎ ይዳሰሳል፤ ይህም አምፑላ ይባላል። አራተኛው፣ የኩፐር ዕጢ የሚባለው ጥንድ ግን በወፍራም ጡንቻ ሥር ስለተቀበረ በኮርማ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ አይገኝም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ የሚዳስሰው በከንቱ አይደለም። የዘር ከረጢት ዕጢ ሲመረቅዝ ያብጣል፣ ጉርብጥብጥነቱ ይጠፋል፣ ኮርማውም ሲነካ ያመዋል። የዘር ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ በነጭ የደም ህዋሳት የተሞላ ይሆናል። እንዲህ ያለ ኮርማ የዘር ፍሬው ሙሉ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ለማዳቀያ አይመረጥም።

ሁሉም አጥቢ እንስሳት አራቱንም ዕጢዎች የያዙ አይደሉም፤ ልዩነቱም እጅግ ሰፊ ነው። ውሻ የዘር ከረጢት ዕጢም የኩፐር ዕጢም የለውም፤ ሥራው ሁሉ የወደቀው በፕሮስቴቱ ላይ ነው። ዓሣ ነባሪም እንዲሁ ፕሮስቴት ብቻ አለው። ድመት ፕሮስቴትና የኩፐር ዕጢ አለው። አውራ ዶሮ ደግሞ አጥቢዎች ካሏቸው ከእነዚህ ዕጢዎች አንዱም የለውም፤ የዘር ፈሳሹም ትንሽና ወፍራም ነው። በሌላው ጫፍ ወንድ አሳማ ይገኛል። የኩፐር ዕጢዎቹ እያንዳንዳቸው ርዝመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ 200 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ ፈሳሽ ያፈስሳል። ኮርማ የሚሰጠው ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር፣ አውራ በግ ደግሞ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የበጉ አንድ ሚሊ ሊትር ግን ከሁለት ቢሊዮን በላይ የዘር ህዋሳት ሊይዝ ይችላል፤ የአሳማው በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። ምክንያቱ ከመገናኛ ስልታቸው ይመነጫል፤ በግ ዘሩን ከማህፀን በር ውጭ ያስቀምጣል፣ አሳማ ግን በቀጥታ ወደ ማህፀን ስለሚያፈስስ ረጃጅሞቹን የማህፀን ቀንዶች (ቀንድ መሰል ቅርንጫፎች) የሚሞላ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ከኩፐር ዕጢዎቹ የሚወጣው ዝልግልግ ነገርም ፈሳሹ ተመልሶ እንዳይፈስስ ይረዳል። ሰው ሰራሽ ማዳቀል የሚሠሩ ባለሙያዎች የአሳማ ዘር ሲሰበስቡ ይህን ዝልግልግ በስስ ጨርቅ አጥልለው ያስቀራሉ፤ አለዚያ ዕቃቸውን ይደፍንባቸዋል።

ፈሳሹ ከየዕጢው በአንድ ጊዜ ተደባልቆ አይወጣም፤ ቅደም ተከተል አለው። በሰው ላይ አስቀድሞ ከኩፐር ዕጢዎች ጥቂት ጠብታ ይወጣና የሽንት ቧንቧውን ያለሰልሳል፤ የቀረውን የሽንት አሲድም ያረክሳል። ቀጥሎ የፕሮስቴቱ ፈሳሽ ከአብዛኛው የዘር ህዋስ ጋር ይመጣል። በመጨረሻ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው የዘር ከረጢት ዕጢዎች ፈሳሽ ይከተላል። ለምርመራ የዘር ፈሳሽ የሚሰጥ ሰው የመጀመሪያው ክፍል ከፈሰሰበት ለሐኪሙ መንገር ያለበት ለዚህ ነው፤ የፈሰሰው ትንሽ ቢመስልም ብዙው የዘር ህዋስ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው።

የዘር ከረጢት ዕጢዎች ከሚጨምሩት ነገር ዋናው ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ዋናው ስኳር ግሉኮስ ሆኖ ሳለ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ መሆኑን ያረጋገጠው ታዴዎስ ማን የተባለው ባዮኬሚስት በ1940ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ግኝት ዛሬ ለሐኪሞች የሚጠቅም ምልክት ሆኗል። አንዳንድ ወንዶች የዘር ማስተላለፊያ ቱቦ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ የዘር ከረጢት ዕጢዎቻቸውም አብረው ይጎድላሉ፤ ሁለቱ በጽንስ ጊዜ ከአንድ ቱቦ ስለሚበቅሉ ነው። የእነዚህ ሰዎች ፈሳሽ ትንሽና አሲዳማ ሲሆን የዘር ህዋስም ፍሩክቶስም አይገኝበትም። ስለዚህ የዘር ህዋስ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ፍሩክቶስም ከጠፋ፣ ሐኪሙ ችግሩ ከዘር ፍሬው ሳይሆን ከመንገዱ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራል። ፕሮስቴትና የኩፐር ዕጢዎች የሚበቅሉት ከሌላ ሥር፣ ከሽንት ቧንቧው መነሻ ስለሆነ በነዚህ ሰዎች ዘንድ ይገኛሉ።

ቀጥሎ የሚሆነው ነገር እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የሰው የዘር ፈሳሽ ከወጣ በኋላ ወዲያው ይረጋል፤ የሚያረጋው ከዘር ከረጢት ዕጢዎች የሚመጣ ፕሮቲን ነው። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መልሶ ይቀጥናል፤ የሚያቀጥነው ደግሞ ከፕሮስቴት የሚመጣ ኢንዛይም ነው። አንዱ ዕጢ ያሰረውን ሌላው ዕጢ ይፈታዋል፤ የዘር ህዋሱም በመጀመሪያ ባለበት ይቆይና በኋላ ነጻ ሆኖ ይዋኛል። በዚህ ጊዜ ፈሳሹ የሴት ብልትን አሲዳማነት ያረክስለታል፤ ያለዚያ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። አይጥ ላይ ግን የረጋው አይሟሟም፤ ጠንክሮ የሴቷን ብልት የሚዘጋ ውታፍ ይሆናል። በቤተ ሙከራ አይጥ የሚያራቡ ሰዎች በየማለዳው ይህን ውታፍ ይፈልጋሉ፤ ካገኙት መገናኘቱ በዚያች ሌሊት እንደተፈጸመ ያውቁና የጽንሱን ዕድሜ ከዚያ ይቆጥራሉ።

ከላይ የጠቀስኩት የፕሮስቴት ኢንዛይም ብዙ ሰው ሳያውቀው ስሙን የሰማው ነው። ወንዶች በደም ምርመራ የሚለኩት ፒ ኤስ ኤ እርሱ ነው። ተፈጥሯዊ ሥራው የረጋ የዘር ፈሳሽ ማሟሟት እንጂ ካንሰርን ማመልከት አይደለም። ፕሮስቴቱ በካንሰር ሲታወክ ወደ ደም የሚያፈስሰው መጠን ይጨምራል፤ ነገር ግን ዕጢው በዕድሜ ሲያብጥ ወይም ሲመረቅዝም ይጨምራል። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት ያልሆነው ለዚህ ነው።

እነዚህ ዕጢዎች የሚኖሩት በወንዴ ሆርሞን፣ በቴስቶስትሮን ነው። እንስሳ ሲኮላሽ ይሟሽሻሉ። ፕሮስቴት ደግሞ ቴስቶስትሮንን ራሱ ወደ በረታ ሆርሞን ለውጦ ይጠቀምበታል፤ ይህን የሚለውጠው ኢንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸው ሰዎች በዶሚኒካን ሪፐብሊክ መገኘታቸው በ1974 ታወቀ። ፕሮስቴታቸው እንደ ልጅ ትንሽ ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ላበጠ ፕሮስቴት የሚታዘዘው ፊናስተራይድ የተባለው መድኃኒት የተሠራው ያንኑ ኢንዛይም ለማገድ ነው። ከእንስሳት ሁሉ ፕሮስቴቱ በዕድሜ በማበጥ ከሰው ጋር ጎልቶ የሚመሳሰለው ውሻ ነው፤ ምልክቱ ግን ይለያያል። የሰው ፕሮስቴት ከውስጥ ስለሚያድግ የሽንት ቧንቧን ያጠብባል፤ ሽንት መሽናት ያስቸግራል። የውሻ ፕሮስቴት ወደ ውጭ ስለሚያድግ አንጀትን ይጫናል፤ ስለዚህ ውሻው ለመጸዳዳት ያምጣል፣ ዓይነ ምድሩም ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ቻርልስ ሃጊንስ የተባለው ሐኪም በውሻ ፕሮስቴት ላይ ከሠራ በኋላ፣ በ1941 የሰው የፕሮስቴት ካንሰር የወንዴ ሆርሞን ሲነፈገው እንደሚሟሽሽ አሳየ፤ በ1966ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ካንሰር በሆርሞን ሊታከም እንደሚችል ከተረጋገጠባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

እስካሁን ያየነው ፈሳሹ ለዘር ህዋሱ የሚያደርገውን ነው። በሴቷ አካል ላይ የሚያደርገው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፍንጩ የተገኘው በ1930ዎቹ ነበር። ስዊድናዊው ኡልፍ ቮን ኦይለር በዘር ፈሳሽ ውስጥ ለስላሳ ጡንቻን የሚያነቃንቅና የደም ግፊትን የሚቀንስ ነገር አገኘ፤ ከፕሮስቴት የመጣ መስሎት በ1935 ፕሮስታግላንዲን አለው። በእርግጥ የሚመጣው በዋናነት ከዘር ከረጢት ዕጢዎች ነበር፤ ሌላው ስዊድናዊ ሱኔ በርግስትሮምም በኋላ ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያወጣው ከበግ የዘር ከረጢት ዕጢዎች ነው። ፕሮስታግላንዲኖች በሰውነት ሁሉ እንደሚሠሩ፣ አስፕሪንም ሕመምን የሚያስታግሰው ምርታቸውን በማገድ እንደሆነ ሲታወቅ፣ የ1982ቱ የኖቤል ሽልማት ለዚህ ሥራ ተሰጠ። ከቤተሰቡ አንዱ የሆነው ኤፍ ሁለት አልፋ በላም እንቁልጢ (እንቁላል አመንጪ አካል) ላይ ያለውን፣ ድራትን የሚያግደውን ቢጫ አካል ስለሚያፈርስ፣ ብዙ ላሞች በአንድ ሰሞን ድራት እንዲያሳዩ በመርፌ ይሰጣል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የግመልና የዘመዶቿ ጉዳይ ነው። ላም ወይም በግ እንቁላሏን የምትለቅቀው በራሷ ዑደት ነው፤ ወንድ ኖረም አልኖረም ጊዜው ሲደርስ ትለቅቃለች። ግመልና ላማ ግን እንቁላል የሚለቅቁት ከተገናኙ በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ በመገናኘት ጊዜ የሚፈጠረው የአካል ንክኪ እንደሆነ ይታመን ነበር። በ1985 ቻይናውያን ተመራማሪዎች ባለ ሁለት ሻኛ ግመሎች ላይ ሌላ ነገር አሳዩ፤ ወንድ ሳይቀርብ ፈሳሹ ብቻ ሲሰጣቸው እንቁላል ለቀቁ። ከሃያ ዓመት በኋላ በላማዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ጥርጣሬውን ሁሉ ዘጋ። የዘር ህዋሱ የተወገደለት ፈሳሽ በጡንቻ መርፌ ሲሰጣቸው፣ አብዛኞቹ ላማዎች እንቁላል ለቀቁ። መርፌው ከብልት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ስለዚህ ሥራው የንክኪ ሳይሆን በደም ወደ አንጎል የሚደርስ ኬሚካዊ መልእክት ነው። መልእክቱ ምን እንደሆነ በ2012 ተለየ፤ ነርቭን በማሳደግ ይታወቅ የነበረ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። የወንዱ ፈሳሽ ለሴቷ አንጎል «አሁን ልቀቂ» የሚል ትእዛዝ ይዞ ይጓዛል ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ያለ ረዳት ዕጢዎች መጽነስ አይቻልም ማለት ነው? አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከዘር ፍሬ ወይም በላዩ ካለው ማከማቻ ቱቦ በመርፌ የተወሰደ የዘር ህዋስ በቤተ ሙከራ እንቁላልን ያዳብራል፤ ቱቦ የሌላቸው ወንዶች የሚወልዱት በዚህ መንገድ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ የዕጢዎቹ ፈሳሽ ጠንቅ ይሆናል። የፍየል የኩፐር ዕጢ የዶሮ እንቁላል አስኳልን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫል። የዘር ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ እንዳይጎዳ የሚጨመርበት ማቅጠኛ ደግሞ አስኳል የተቀላቀለበት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ለዘር ህዋሱ መርዝ የሆነ ነገር ይፈጠራል። ስለዚህ የአውራ ፍየል ዘር በአስኳል ከመቅጠኑ በፊት ብዙውን ጊዜ ይታጠባል፤ በማሽን ተሽከርክሮ የዕጢዎቹ ፈሳሽ ይወገዳል።

ይሁንና መጽነስ ብቻውን የጉዳዩ ማብቂያ አይደለም። በ2014 በአውስትራሊያ የአዴሌድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዘር ከረጢት ዕጢያቸው የወጣላቸው ወንድ አይጦች ልጆችን ተከታተሉ። ወንዶቹ ልጆች ሲያድጉ ወፈሩ፣ ስኳርንም በአግባቡ ማስተናገድ አቃታቸው። ያለ ፈሳሹ የእናቲቱ የመራቢያ አካል ለመጀመሪያዎቹ የጽንስ ቀናት የሚያዘጋጀው አካባቢ ተዛብቶ ነበር። በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ይደገማል ማለት አይቻልም፤ ፈሳሹ ተራ ማጓጓዣ ነው የሚለውን ሐሳብ ግን ከዚህ በኋላ መያዝ ይከብዳል።

ወደ ነፍሳት ስንሄድ የዕጢዎቹ ሥልጣን ይጎላል። የፍራፍሬ ዝንብ ወንድ ከረዳት ዕጢው 36 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ለሴቷ ያስተላልፋል። ይህ ፕሮቲን ሴቷ ብዙ እንቁላል እንድትጥልና ሌላ ወንድ እንድትገፋ ያደርጋታል። በዘር ህዋሱ ጭራ ላይ ተጣብቆ ቀስ በቀስ ስለሚላቀቅ፣ ውጤቱ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህ ለወንዱ ጥቅም ነው፤ ለሴቷ ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ የዕጢው ፕሮቲኖች የሴቷን ዕድሜ እንደሚያሳጥሩ ታይቷል። ስለዚህ የዘር ፈሳሽን የትብብር ስጦታ ብቻ አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም፤ የሁለት ፍላጎቶች መፋለሚያም ነው። ወባ አስተላላፊዋ አኖፌሊስ ጋምቢዬ ትንኝም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ አንዴ ብቻ ትገናኛለች፤ ወንዱ ከረዳት ዕጢው የሠራው ውታፍ ዘሩ በማከማቻዋ በደንብ እንዲቀመጥ ያደርጋል፣ በውስጡ ያለው ሆርሞንም የሴቷን ጠባይ ይለውጣል።

ሴቶችም የራሳቸው ረዳት ዕጢዎች አሏቸው፤ በነፍሳት ዘንድ ሥራቸው በዓይን ይታያል። ቅማል እንቁላሏን ከራስ ቆዳ አጠገብ ከፀጉር ጋር የምታጣብቅበት ሙጫ ከዚህ ዕጢ ይወጣል። ቅጫም በመታጠብ የማይለቅቀው፣ ቅማሉ በመድኃኒት ከሞተ በኋላም ባዶ ቅርፊቱ ከፀጉሩ ጋር እያደገ የሚርቀው ለዚህ ነው። በረሮ በግራና በቀኝ ዕጢዎቿ የተለያየ ነገር ታመነጫለች፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ጠንክረው የእንቁላል ማኅደር ይሆናሉ። የንብ መንደፊያ የተለወጠ የእንቁላል መጣያ አካል ሲሆን፣ መርዙን የሚያመነጨውም ከሴት ረዳት ዕጢ የመጣ ነው። ድንጉላ ንብ የማይናደፈው መሣሪያው ከመጀመሪያው የሴት አካል ስለሆነ ነው።

ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው ቆላ ዝንብ ከሁሉም ትለያለች። አንድ እንቁላል ብቻ በማህፀኗ ውስጥ ትፈለፍላለች፤ እጩንም እዚያው በወተት ታሳድጋለች። ወተቱን የሚሠራው በሆዷ ውስጥ የተዘረጋ ረዳት ዕጢ ነው። በየ9 ወይም 10 ቀኑ አንድ እጭ ትወልዳለች፤ ሲወለድ ክብደቱ ከእናቱ ጋር የሚስተካከል ነው፤ ወዲያው አፈር ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። በዚህ አዝጋሚ አወላለድ ምክንያት ቁጥሯን መቀነስ ከሌሎች ነፍሳት ይልቅ ይቀላል። ከመንገዶቹ አንዱ ወንዶቹን በጨረር አምክኖ መልቀቅ ነው። ጨረሩ የዘር ህዋሱን ያበላሸዋል እንጂ ዕጢዎቹን ከሥራ አያስወጣም። መካኑ ወንድ እንደ ጤነኛው ይገናኛል፣ ፈሳሹንም ያስተላልፋል፤ ሴቷም ብዙውን ጊዜ ሌላ ወንድ አትቀበልም፤ እንቁላሏ ግን በማህፀኗ ውስጥ ይሞታል። በዛንዚባር ዋና ደሴት በኡንጉጃ ይህ ዘዴ ከሌሎች መቆጣጠሪያዎች ቀጥሎ ሥራ ላይ ውሎ፣ በ1997 ደሴቲቱ ከቆላ ዝንብ ነጻ መሆኗ ታወጀ።